ከቀይ ገደል የመጣው እምነት

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ማመን አለማመኑ የናንተ ነው። እኔ ግን በገዛ አፌ ቀምሼዋለሁ...

የሆነው እዚሁ ዴንቨር ነው። ግሪን ቫሊ ራንች፣ የራሳችን ቤት፣ የራሳችን ኩሽና። 2016 ሜይ ወር ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋ ነበር።

አስቻለው እባላለሁ። አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ጠባዬን ልንገራችሁ፤ ካለሱ ታሪኩ አይገባችሁም።

ተጸያፊ ነኝ።

ሰው በጠጣበት ብርጭቆ ውሃ አልጠጣም። ስታጎርሱኝ ጉርሻውን ሳይሆን ጥፍራችሁን ነው የማየው። የዊልቸሩን እጀታ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለምወለውል የሥራ ጓደኞቼ «ዶክተር ሳሙና» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትለኝ ነበር። እስቅባት ነበር።

ባለቤቴ ሠርካዲስ አውሮራ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ የማታ ፈረቃ ናት። ሦስት ጊዜ አርግዛ ሦስቱም ወርዶባታል። ይሄኛው አራተኛው ነበር። አሥራ አንድ ሳምንት ሲሞላው ደም ማየት ጀመረች።

ሐኪሟ አልዋሸችንም። የልቡ ምት በጣም ደካማ ነው፣ ሰኞ ተመለሱ፣ እስከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው አለችን። ቀኑ ዓርብ ነበር።

ሠርካዲስ ጋራዥ ገብተን ሞተሩን ሳጠፋ በሹክሹክታ ተናገረች።

«አስቹ... ይሄም ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።»

ወርጄ በሯን ከፈትኩላት።

በማግስቱ አክስቷ እትዬ ውድነሽ ከኢየሩሳሌም ተመለሱ። ሞንትቤሎ ነው የሚኖሩት፤ ሠርካዲስን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ፋሲካን እዚያው አክብረው፣ ከጉዞ ማኅበሩ ጋር ወደ ዮርዳኖስ አገር ተሻግረው፣ ፔትራን አይተው ነበር የመጡት። በረሃ መሃል፣ በቀይ የአሸዋ ድንጋይ ገደል ላይ የተፈለፈለ የጥንት ከተማ ነው። ጉልበታቸው ስለማይታዘዛቸው ዊልቸር ታዞላቸው ነበርና እኔው ራሴ ከአውሮፕላኑ በር ተቀበልኳቸው።

የነጠላቸው ጥለት በቀይ አቧራ ተነክሯል።

ሦስት አውሮፕላን ቀይረው መጥተው፣ አቧራው አሁንም ይረግፍ ነበር። ባለፍንበት ምንጣፍ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ቀረ። እጀታውን ስወለውለው መጥረጊያዬ ቀላ። ሌላ አውጥቼ ደገምኩት... አሁንም ቀላ።

ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን አቅፈውታል።

«እትዬ፣ ቦርሳውን ልያዝልዎት?»

«አትንካው!» አሉኝ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካህኑ አሮን ካረፈበት ተራራ ደርሻለሁ። እምነት ይዤላታለሁ። ልጄ ትወልዳለች።»

እምነት መቼም ታውቃላችሁ፤ ከተቀደሰ ቦታ የሚመጣ አፈር ወይ አመድ ነው። ይቀቡታል፣ በውሃ በጥብጠው ይጠጡታል። እኔ ግንባሬን እቀባለሁ እንጂ ጠጥቼ አላውቅም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አፈር አፈር ነው።

ቤት ደረስን። እትዬ ውድነሽ ኩሽና ገብተው ባዶ የቫዝሊን ዕቃ ከቦርሳቸው አወጡ። በደንብ እንኳ አልታጠበም። የድሮው ቅባት ጠርዙ ላይ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፤ አቧራው እሱ ላይ ተለጥፏል፤ መሃሉ ላይ አንዲት ሽበት ፀጉር ተጋድማለች። የእሳቸው ትሁን የማን... አላውቅም።

አንድ ማንኪያ ሙሉ ጨልፈው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጠበጡት። ውሃው ወፍራም ሮዝ ሆነ። ሰዓቱን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ።

«በየቀኑ በዚሁ ሰዓት። እንዳይዛነፍ» አሉ።

ሠርካዲስ በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች።

ቅርጭ... ቅርጭ...

ውሃ ይታኘካል? ስታኝከው ሰማኋት። ከአፏ ጥግ አንድ ጠብታ ሲወርድ እትዬ ውድነሽ በአውራ ጣታቸው ጠረጉና መልሰው ከንፈሯ ውስጥ አስገቡት።

«አይባክንም» አሉ።



ለእኔም በጠበጡልኝ። «አባት አይደለህ? ቅመስ።» ጀርባዬን ሰጥቻቸው የጠጣሁ መስዬ ሲንኩ ውስጥ ደፋሁት። ያኔ ነው የመጀመሪያውን ነገር የሰማሁት።

ሲንኩ ዋጠው። ውሃ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ አልነበረም፣ የጉሮሮ ድምፅ ነበር። ጉርጭ... ጉርጭ... ጉርጭ... ሲጨርስ ጠምቶት የሰነበተ ሰው እንደሚተነፍሰው ተነፈሰ።

ዞር ስል ሁለቱም እያዩኝ አልነበረም። ሠርካዲስ የብርጭቆውን ቂጥ በምላሷ ትልስ ነበር።

ሰኞ ሐኪሟ ጋ ሄድን። መሣሪያውን ሆዷ ላይ አደረገችው... ክፍሉ በልብ ምት ተሞላ። ጠንካራ፣ ፈጣን፣ ንጹሕ ምት። ደሙም ቆመ። ሐኪሟ ሳቀች፣ ሠርካዲስ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ደስታ እንዲያ ያማል እንዴ? እትዬ ውድነሽን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ታዲያ ምን ልበል? በየቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ትጠጣ ጀመር፤ እኔም አልከለከልኳትም።

መጀመሪያ ትራሷ ላይ ነው ያየሁት። ቀይ አሸዋ፣ አንድ ቁንጥር። አራገፍኩት። በማግስቱ ሁለት ቁንጥር። ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ወንፊት ውስጥ፣ ከዚያ ማበጠሪያዋ ጥርስ መሃል። ሽሮ ስንበላ ጥርሴ ስር ቅርጭ አለ... እሷ ሳይሰማት ትውጣለች።

ላቧ ሮዝ ሆነ። ጠረኗም ተለወጠ። መጥፎ ሽታ ብቻ ቢሆን በሳሙና ይለቅ ነበር። ለዘመናት ያልተከፈተ ሣጥን ደረቅ ሽታ ነው፤ ከስሩ ደግሞ የሻገተ ሞራ ይሸታል። አጠገቧ ስተኛ ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር ጀመርኩ። የማፈቅራትን ሴት መጸየፌ ከሁሉ በላይ አሳፈረኝ።

የቫዝሊኑ ዕቃ ደግሞ አይጎድልም።

በየቀኑ አንድ ማንኪያ ሙሉ ይወጣለታል። በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩበት። ከሳምንት በኋላ አየሁት... አቧራው ከመስመሩ በላይ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት እሷ ተኝታ ሳለ ጓንት አድርጌ ከፈትኩት። በማንኪያ ቆፈርኩት። ከስር አንድ ነገር ኳ አለ። አወጣሁት።

ጥርስ ነው። የሰው መንጋጋ ጥርስ፣ ከነሥሩ፣ ቡናማ።

ሲንኩ ላይ አጎንብሼ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። የጎፈነነኝ ጥርሱ ብቻ አይደለም። ሚስቴ አንድ ወር ሙሉ ምን ስትጠጣ እንደከረመች ገባኝ።

በናፕኪን ጠቅልዬው ሞንትቤሎ በረርኩ። እትዬ ውድነሽ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

አነሡት። አገላብጠው አዩት። አቧራውን ለማጽዳት ይመስላል... አፋቸው ውስጥ ከተቱት። እንደ ከረሜላ ወዲያና ወዲህ አገላበጡት።

«ጠጠር ነው» አሉ እየመጠጡ።

«ጥርስ ነው! ይትፉት! ከየት ነው ያመጡት? እውነቱን ይንገሩኝ!»

ተፍተው መዳፋቸው ላይ ያዙት። 

«ጉልበቴ እምቢ አለኝ፣ አስቻለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«አሮን ያረፈበት ተራራ ሩቅ ነው። አስጎብኚው በጣቱ አሳየኝ። ሰዎቹ በአህያ ሄዱ፤ እኔ አልቻልኩም። ባዶ እጄን ልመለስ? ልጄ እየጠበቀችኝ? ቅርብ ያለው ዋሻ ገባሁ። ያው አንድ ተራራ አይደል...»

ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን አሳዩኝ። ቀይ ገደል ነው። ገደሉ ላይ ሁለት ዓምዶች ተቀርጸዋል። ከዓምዶቹ በላይ ግራና ቀኝ የሚወጣ ደረጃ አለ፤ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ። መሃሉ ላይ ጥቁር በር። እትዬ ውድነሽ ከበሩ ፊት ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«መቃብር ነው?»

«ቅዱስ ሰውም መቃብር አለው።»

«የማን መቃብር እንደሆነ ያውቃሉ?»

አላወቁም። አስጎብኚው ከውጭ ሆኖ ውጪ ውጪ ይላቸው ነበር አሉ፤ ራሱ ግን አልገባም። ውስጡ ከድንጋይ የተፈለፈለ መደብ አለ። መደቡ ላይ አቧራ ሞልቷል።

«ሰው የተኛበት ቅርጽ ነበረው» አሉ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው። «ራስ አለው፣ ትከሻ አለው... ለማህፀን ስለሆነ ከሆዱ በኩል ነው የዘገንኩት። ሞቅ ያለ ነበር።»

ከመቀመጫዬ እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም።

ማታውን ለሠርካዲስ ነገርኳት። ትጮኻለች፣ ትታመማለች ብዬ ነበር። ሆዷን ይዛ አየችኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«ሙት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አስቹ። ጣዕሙ ይነግራል። እኔ በየቀኑ አረጋውያን አጥባለሁ፤ የሰው ገላ ጠረን ይጠፋኛል?» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ልቧ እየመታ ነው። ከጣልከው ልጄን ነው የጣልከው።»

እኔ ግን ሰው ነኝ። አልቻልኩም።

ጁን መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ጠዋት እሷ ሳትነቃ ዕቃውን ወሰድኩ። ወደ ሥራ ስሄድ ከታወር ሮድ ወጣ ብዬ ፓርክ አደረግኩ። ሰው የሌለበት ሜዳ ነው፣ ፕሬሪ ዶግ የሚሏቸው ፍልፈል መሰል እንስሶች ጉድጓድ የሚምሱበት። ቀኑ ንፋስ ነበር፤ የዴንቨርን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ የቆሻሻ ገንዳ ያንከባልላል። ንፋሱ ይበትነዋል ብዬ ደፋሁት። እጄን ሦስት ጊዜ አሸት አድርጌ ሥራ ገባሁ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጠራ።

«አስቹ...» እስትንፋሷ ይቆራረጣል። «ደም... ብዙ ደም... የት አደረግከው?»

«ሠርኬ፣ አምቡላንስ...»

«የት ነው ያደረግከው!»

ስትጮህብኝ የመጀመሪያዋ ነው። የምገፋቸውን አሮጊት ለጓደኛዬ አስረክቤ ሮጥኩ። እየነዳሁ አምቡላንስ ጠራሁላት፤ መኪናዬ ግን ወደ ቤት አልሄደም። ወደ ሜዳው ነው የነዳሁት። ለምን እንደሆነ እናንተ ፍረዱኝ።

ንፋሱ አልበተነውም።

የደፋሁት አንድ ዕቃ ነበር። ያገኘሁት ግን አንድ ሰው ሙሉ ነው። ቀይ አቧራ በሣሩ ላይ ተዘርግቷል፤ መሃሉ ጎድጉዷል፣ ራስ አለው፣ ትከሻ አለው። ፕሬሪ ዶጎቹ ዙሪያውን በኋላ እግራቸው ቆመዋል። አንዳቸውም አልሸሹኝም።

አፋቸው ሁሉ ቀይ ነበር።

ተንበረከክሁ። እኔ፣ ዶክተር ሳሙና፣ ያለ ጓንት። አቧራው ከፕሬሪ ዶግ ፋንድያና ከሲጋራ ቁራጭ ጋር ተደባልቋል። ለመልቀም ጊዜ አልነበረኝም። ጣቶቼን አስገባሁ... ሞቅ ያለ ነበር።

ከሆዱ በኩል ዘገንኩ።

ዕቃውን ሞልቼ ቤት ስደርስ አምቡላንሱ ገና አልመጣም። ሠርካዲስ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በፎጣ መሃል ተቀምጣ ፊቷ አመድ መስሏል። አፍዋ ተከፍቶ ነበር የጠበቀችኝ። የጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫውን ኩባያ አንሥቼ በጠበጥኩት። ጠጣች። ግማሹን አስቀርታ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንተም።»

«ሠርኬ... አልችልም።»

«ያኔ ሲንክ ውስጥ ስትደፋው ሰምቼሃለሁ። ጠጣ።»

ጠጣሁት።

መጀመሪያ ጨው ነበር። ቀጥሎ ሳይታጠብ የሰነበተ ድስት ቅባት። አሸዋው መሃል አሸዋ ያልሆነ ለስላሳ ነገር ምላሴን ታክኮ አለፈ። ሊመልሰኝ ሲል ደም በነካው እጇ አፌን ግጥም አድርጋ ያዘችው።

«ዋጥ። ልጅህ ናት።»

ዋጥኩ። ደሙ ቆመ። የአምቡላንሱ ሰዎች ሲገቡ ሠርካዲስ ቆማ እጇን ትታጠብ ነበር።

ሴት መሆኗን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልነገረንም።

ሠርካዲስ እስከ መጨረሻው በየቀኑ ጠጣች፤ ልጃችን ምንትዋብ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ተወለደች። ሙሉ ጤነኛ፣ ቆንጆ፣ ጸጉረ ብዙ። እንከን ፈለግኩባት፤ አላገኘሁም። በዚያው ቀን ቤት ስመለስ የቫዝሊኑ ዕቃ ባዶ ነበር፤ ጠርዙ ላይ ያለው ቢጫ ቅባት እንኳ የለም። የተላሰ ይመስል ነበር። ጣልኩት። አበቃ አልኩ። ትራሱ ላይ አሸዋ ጠፋ፣ የሠርካዲስ ጠረን ተመለሰ፣ እኔም ወደ ሳሙናዬ ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ተኩል እንደ ሰው ኖርን።

2019፣ ጁን። ሠርካዲስ ሥራ ልትገባ ወጥታለች። ምንትዋብ ክፍሏ ውስጥ ዝም ብላለች። ልጅ ዝም ሲል ጥሩ አይደለም...

ፍቅ... ፍቅ... ፍቅ...

ገባሁ። ከአልጋዋ ኋላ ተቀምጣ በሾርባ ማንኪያ ግድግዳ ትፍቃለች። ልቆጣት አፌን ስከፍት የፋቀችውን አየሁ። 

ሁለት ዓምዶች። ከዓምዶቹ በላይ ግራና ቀኝ የሚወጣ፣ ወዴትም የማያደርስ ደረጃ። መሃሉ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል በር። ያንን ፎቶ አይታ አታውቅም፤ እትዬ ውድነሽ ስልካቸውን ከቀየሩ ቆይተዋል።

ግድግዳችን ድራይዎል፣ ስስ የጀሶ ሰሌዳ ነው። ከኋላው እንጨትና ቢጫ ጥጥ ነው ያለው፤ እኔው ራሴ ሶኬት ስቀይር አይቼዋለሁ። በበሩ ውስጥ ግን ቀይ ድንጋይ ነበር። ወደ ውስጥ ይሄዳል።

እጄን አስገባሁ። እስከ ክርኔ... እስከ ትከሻዬ። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጋራዣችን ነው፤ ጣቶቼ መውጣት ነበረባቸው። መደብ ነኩ። መደቡ ላይ አቧራ፣ አቧራው ላይ ቅርጽ። ሆዱ ጋ ሲደርሱ ጎድጓዳ አገኙ። አሁን የተዘገነ ነው።

«ዳዲ።»

ዞርኩ። ምንትዋብ መዳፏን ዘርግታልኛለች። ሮዝ አቧራ ሞልቶታል። ሰዓቱን ማየት አላስፈለገኝም።

«ኖ፣ ቤቢ። ጣይው» አልኳት።

አልጣለችውም። አየችኝ፤ በአፍንጫዋ ቀጭን የደም ክር መውረድ ጀመረ። አላለቀሰችም። መዳፏን እንደዘረጋች ጠበቀችኝ።

ተንበርክኬ አፌን ከፈትኩ።

እስካሁን ለማንም ያልነገርኩት፣ ለሠርካዲስም ያልነገርኩት ነገር ይሄ ነው። ጨው አልነበረም። ቅባት አልነበረም።

ጣፈጠኝ።

ደሙ ቆመ። ከአፌ ጥግ የተረፈውን ምንትዋብ በአውራ ጣቷ ጠረገችና መልሳ ከንፈሬ ውስጥ አስገባችው። ልጄ አማርኛ አትናገርም፤ በአማርኛ ብንጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ግን እንደ ትልቅ ሴት ረጋ ብላ ተናገረች።

«አይባክንም።»

በማግስቱ ግድግዳውን ደፍኜ ቀለም ቀባሁት። ምንትዋብ ማንኪያዋን ብቻ ፈለገች።

ይህን ስጽፍላችሁ ኩሽና ተቀምጫለሁ። ውጭ ፀሐይ ነው፣ የጎረቤት ሣር ማጨጃ ይጮኻል። ለስምንት ሰዓት ከሩብ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ከልጄ ክፍል ማንኪያው ጀምሯል...

ፍቅ... ፍቅ...

አፌ ምራቅ ሞላ።